ንጹሕ የኋላ ታሪክና የመጀመሪያው የጠጥቶ ማሽከርከር ክስ፦ የሜሪላንድ ሕግ እንደ ማሳያ

ጠጥቶ በማሽከርከር ለመጀመሪያ ጊዜ የተከሰሰ ሰው «የወንጀል ሪከርድ የለብኝም» ማለቱ የተለመደ ነው። ይሁንና ንጹሕ የኋላ ታሪክ ድርጊቱ ስለመፈጸሙ የሚያስረዳው ነገር የለም፤ በአሽከርካሪው ደም ውስጥ 0.08 በመቶ አልኮል መገኘቱ ብቻ ወንጀሉን ያቋቁማል። ፋይዳው የሚታየው በቅጣቱ ላይ ነው።

የአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት ሕግ ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ አንድ ዓመት እስራት ይፈቅዳል። ዳኛው ግን የጥፋተኛነት ፍርድ ሳያስመዘግብ ተከሳሹን በገደብ ሊለቀው ይችላል። ባለፉት 10 ዓመታት በተመሳሳይ ወንጀል የተፈረደበት ወይም በዚሁ መንገድ የተለቀቀ ሰው ይህን ዕድል አያገኝም። ስለዚህ ንጹሕ ታሪክ የተከሳሹ መብት ሳይሆን የዳኛው ፈቃደ ሥልጣን ቅድመ ሁኔታ ነው ብንል ይሻላል።

የመንጃ ፈቃዱ ጉዳይ በአስተዳደር አካል ለብቻው ይታያል፤ እገዳው የወንጀል ችሎቱን ውሳኔ አይጠብቅም።

ይበልጥ አሳሳቢ የሚመስለኝ በግዛቱ የሚኖሩ የውጭ ዜጎች ሁኔታ ነው፤ ከእነርሱም በርካታ ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ። የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ «ጥፋተኛነት»ን በራሱ መንገድ ይተረጉማል፦ ተከሳሹ ጥፋቱን ካመነና ፍርድ ቤቱ ነጻነቱን የሚገድብ ግዴታ ከጣለበት፣ ግዛቱ ፍርዱን ባይመዘግብም እንደ ተፈረደበት ይቆጠራል። አንድ ተራ የጠጥቶ ማሽከርከር ጥፋት ብቻውን በአብዛኛው ከአገር አያስባርርም፤ በዜግነት ማመልከቻ ላይ ግን መገለጽ አለበት፤ በመልካም ጠባይ ምዘናም ይነሳል። ጠበቃ ደንበኛውን ስለ ዜግነቱ መጠየቅ ያለበት እንግዲህ የእምነት ቃሉ ከመሰጠቱ በፊት ነው።