የኤቢኦ ደም ዓይነት ኤንዛይም አወቃቀር

የኤቢኦ ኤንዛይም በቀይ የደም ሕዋስ ገጽ ላይ የደም ዓይነትን የሚወስነውን የመጨረሻ ስኳር የሚያያይዝ የሰው ፕሮቲን ነው። ከ354 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ሲሆን፣ ዘረ-መሉ በ9ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል።

ሂርና ውስጥ በወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ደም ከመውሰዷ በፊት የደም ዓይነቷ ይመረመራል። የላቦራቶሪ ባለሙያው የደሟን ጠብታ ከፀረ-ኤ እና ከፀረ-ቢ ፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ በየትኛው እንደሚቋጠር ያያል። የሚቋጠረው በዚሁ ስኳር ምክንያት ነው። የማይስማማ ደም ከተሰጠ ፀረ እንግዳ አካላት የገባውን ሕዋስ ያፈርሱታል፤ ኩላሊት ሊጎዳ፣ ሰውም ሊሞት ይችላል። በኢትዮጵያ የደም ባንክ አገልግሎት የተጀመረው በቀይ መስቀል ማኅበር አማካኝነት በ1969 እ.ኤ.አ. ነው።

== አሠራሩ ==

ኤንዛይሙ ሥራውን የሚጀምረው ቀድሞ በተሠራ፣ «ኤች» በሚባል የስኳር ሰንሰለት ላይ ነው። የኤ ዓይነቱ ኤን-አሴቲል ጋላክቶሳሚን ይጨምርበታል፤ የቢ ዓይነቱ ጋላክቶስ። ከአንዱ ወላጅ ኤ፣ ከሌላው ቢ የወረሰ ሰው ሁለቱም ስላሉት ኤቢ ይሆናል።

== በክሪስታል የታየው ==

የፕሮቲን ቅርጽ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ስለዚህ ፕሮቲኑ ተጣርቶ፣ ሞለኪውሎቹ እንደ ጨው ቅንጣት በሥርዓት እስኪደረደሩ ድረስ ይቆያል፤ ከዚያ ኤክስሬይ ይለቀቅበትና ከጨረሩ አበታተን የአተሞቹ ቦታ ይሰላል። በካናዳ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሁለቱንም ኤንዛይሞች አወቃቀር በ2002 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል።

ፕሮቲኑ ሁለት ክፍል አለው። በመካከላቸው ስንጥቅ መሰል ክፍተት አለ፤ አንዱ ክፍል ስኳሩን ተሸክሞ የመጣውን ዩዲፒ የተባለ ሞለኪውል ይይዛል፣ ሌላው ኤች ሰንሰለቱን። የማንጋኒዝ አዮን ደግሞ ዩዲፒውን በቦታው ያጸናዋል።

የሚገርመው ኤ እና ቢ ኤንዛይሞች የሚለያዩት በአራት አሚኖ አሲዶች ብቻ መሆኑ ነው፦ በ176ኛው፣ በ235ኛው፣ በ266ኛውና በ268ኛው። ከእነዚህም የሚሰካውን ስኳር ለመምረጥ በቀጥታ የሚነኩት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። በኤ ኤንዛይም 266ኛው ሉሲን፣ 268ኛው ግላይሲን ስለሆኑ ለትልቁ ስኳር ቦታ ይተርፋል። በቢ ግን ሜቲዮኒንና አላኒን ገብተው ክፍተቱን ስለሚያጠብቡት ትንሹ ጋላክቶስ ብቻ ይገባል። በሕክምና ሞትና ሕይወትን የሚለየው ልዩነት መነሻው ይህን ያህል ጠባብ ነው።

== ኦ እና የቦምቤይ ዓይነት ==

በተለመደው የኦ ዘረ-መል ውስጥ አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ጎድላለች። ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ስለሚዛባ ፕሮቲኑ ሥራ የሚሠራውን ክፍል ሳይይዝ አጥሮ ይቀራል፤ ኤች ሰንሰለቱም ባለበት ይቆያል። ኦ ደም ያላቸው ሰዎች በፋልሲፓረም ወባ በጽኑ የመታመም ዕድላቸው አነስተኛ መሆኑ በአፍሪካ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። የወባው ተሕዋስ ያለባቸው ሕዋሳት ጤነኞቹን በዙሪያቸው የሚሰበስቡት በኤ እና በቢ ስኳሮች ላይ በርትተው ነው።

ኤች ራሱ የሌላቸው ጥቂት ሰዎችም አሉ። በ1952 እ.ኤ.አ. በሕንድ ቦምቤይ ከተማ የተገለጸው ይህ ዓይነት በፀረ-ኤ እና በፀረ-ቢ ምርመራ ኦ ይመስላል፤ ነገር ግን ባለቤቱ የኦ ደም እንኳ ሊሰጠው አይችልም።