ኤሌክትሮኑ ወደ ማን ያደላል?

ሁለት ሰው አንድ ጋቢ ለብሶ ቢተኛ ጋቢው እኩል ተከፍሎ አያነጋም። ጉልበተኛው ወደ ራሱ ሲስበው ያድራል፤ የሌላው ጎን ይገለጣል። ሁለት አቶሞች ኤሌክትሮን ተጋርተው ሲተሳሰሩም እንዲሁ ነው። አንድ አቶም የጋራውን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ የሚስብበት አቅም ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ይባላል።

ይህን አቅም እ.ኤ.አ. በ1932 በቁጥር ያስቀመጠው አሜሪካዊው ኬሚስት ሊነስ ፖሊንግ ነው። ኤሌክትሮን በዓይን አይታይ፣ ማን ምን ያህል እንደሳበ እንዴት ይታወቃል? ፖሊንግ መልሱን የፈለገው ትስስርን ለመበጠስ ከሚያስፈልገው ኃይል ነው። ሁለት ሃይድሮጅኖችን ለማላቀቅ በሞል 436 ኪሎጁል ይጠይቃል፤ ሁለት ክሎሪኖችን ለማላቀቅ 242። አማካዩ 339 ነው። ሃይድሮጅንና ክሎሪን ኤሌክትሮናቸውን እኩል ቢጋሩ ኖሮ የእነሱም ትስስር እዚያው አካባቢ በተበጠሰ ነበር። ሲለካ ግን 431 ሆኖ ይገኛል። ትርፉ 92 ኪሎጁል ከየት መጣ? ክሎሪን ኤሌክትሮኑን ወደ ራሱ ስለሳበ ጥቂት ኔጋቲቭ፣ ሃይድሮጅን ጥቂት ፖዘቲቭ ሆነዋል፤ ተቃራኒዎቹ ቻርጆች ስለሚሳሳቡ ትስስሩ ጠብቋል። ትርፉን ወደ ኤሌክትሮን ቮልት ለውጠን ስኩዌር ሩቱን ብናወጣ 0.98 ገደማ ይመጣል። ዛሬ በየመጽሐፉ ያለው ሰንጠረዥ ለክሎሪን 3.16፣ ለሃይድሮጅን 2.20 ይሰጣል፤ ልዩነታቸው 0.96 ነው። ከኃይል ልኬት ተነስቶ እዚህ መድረስ ቀላል ብልሃት አይደለም።

በዚህ ሰንጠረዥ አናት ላይ ፍሎሪን በ3.98 ተቀምጧል፤ ግርጌው ላይ ሲዚየም 0.79 ይዟል። ዋናው ጉዳይ ግን የአንዱ ቁጥር ትልቅነት ሳይሆን የሁለቱ ልዩነት ነው። ክሎሪንን ተመልከቱ። ከሌላ ክሎሪን ጋር ሲጣመር ልዩነቱ ዜሮ ስለሆነ ትስስሩ ፖላር አይደለም፤ ማለትም ኔጋቲቭና ፖዘቲቭ ጎን የለውም። ከሃይድሮጅን ጋር ፖላር ይሆናል። 0.93 ብቻ ካለው ሶዲየም ጋር ሲገናኝ ልዩነቱ 2.23 ይደርስና ኤሌክትሮኑ ከሞላ ጎደል ተወስዶ የገበታ ጨው ይገኛል፤ እንዲህ ያለው ትስስር አዮኒክ ይባላል። ክሎሪኑ ያው ነው፤ የተለወጠው ተጋሪው ነው።

ተማሪዎች ልዩነቱ ከ1.7 ካለፈ አዮኒክ ነው ብለው ይሸመድዳሉ። ለፈተና ይጠቅም ይሆናል፤ ተፈጥሮ ግን እዚያ ላይ አጥር አላጠረችም። ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ልዩነቱ 1.78 ቢሆንም በ19.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላ፣ ከሞለኪውሎች የተሠራ ነገር ነው። 1.68 ያለው ሊትየም አዮዳይድ ደግሞ ደንቡን ሽሮ ጠጣር ጨው ሆኖ ቁጭ ብሏል። በፖላርና በአዮኒክ መካከል ያለው ቁልቁለት እንጂ ገደል አይደለም።

ትስስሩ ፖላር ሆነ ማለት ሞለኪውሉም ፖላር ነው ማለት አይደለም፤ ቅርጹም ድርሻ አለው። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ሁለቱ ኦክስጅኖች ከካርቦኑ ግራና ቀኝ በአንድ መስመር ቆመው በእኩል ጉልበት ስለሚስቡ ይጣፋሉ። ውሃ ግን በ104.5 ዲግሪ የታጠፈ ነው። ኦክስጅኑ ባለበት በኩል ኔጋቲቭ፣ ሃይድሮጅኖቹ ባሉበት በኩል ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀራል። ጨው ወጥ ውስጥ የሚሟሟው በዚህ ነው፤ የውሃው የኦክስጅን ወገን ሶዲየሙን፣ የሃይድሮጅን ወገኑ ክሎራይዱን እየከበበ ከክሪስታሉ ይነጥላቸዋል። ዘይት በአብዛኛው የካርቦንና የሃይድሮጅን ሰንሰለት ነው፤ የሁለቱ ልዩነት 0.35 ብቻ ስለሆነ ከውሃ ጋር አይስማማም።

ቁጥሩ የሚያሳስትበት ጊዜም አለ። ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ያ የከሰል ጭስ ገዳይ፣ ልዩነቱ 0.89 ስለሆነ ኦክስጅኑ በኩል በደንብ ኔጋቲቭ ይሆናል ብለን እንጠብቃለን። ሲለካ ግን ፖላርነቱ እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ተገኘ፤ ያችው ጥቂት ኔጋቲቭም ያለችው በካርቦኑ በኩል ነው። ካርቦኑ ለማንም ያላጋራቸው ሁለት ኤሌክትሮኖች ወደ ውጭ ተንሰራፍተው የኦክስጅኑን ስበት ያካክሱታል።