«ምነው ቀላሽ!» ያሉኝ ሰሞን

የትልቋ ልጄ ሰርግ ሊደርስ አራት ወር ሲቀረው መስታወት ፊት በቆምኩ ቁጥር የሚታየኝ ማድያቴ ብቻ ነበር። ሁለቱን ጉንጮቼንና የላይኛውን ከንፈሬን የያዘው ይህ ቡናማ ጥላ ሦስተኛ ልጄን ካረገዝኩ ጀምሮ አብሮኝ ኖሯል። የሐረር ፀሐይ ደግሞ አትምርም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። አየሩ ለስለስ ስለሚል ፀሐይዋ የምታቃጥለን አይመስለንም እንጂ ታቃጥለናለች። ለዓመታት ከአዲሱ ከተማ ወደ ጀጎል በእግሬ ስመላለስ ጃንጥላ መያዝ እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

የሙሽራ እናት መሆን ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ፎቶ አለ፣ ቪዲዮ አለ፣ ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ አለ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስታይ «ምን አስጨነቀሽ? እኔ የምሄድበት ሳሎን እወስድሻለሁ» አለችኝ። ሄድኩ።

መጀመሪያ ፌሻል ተሠራልኝ። ፊቴን በእንፋሎት አሞቁት፣ አሹት፣ ከዚያ ነጭ ነገር ቀቡኝ። ሲቆጠቁጠኝ ለልጅቷ ነገርኳት። «ካልቆጠቆጠ አይሠራም» አለችኝ። ስወጣ ምንም ጽሑፍ የሌለባት ትንሽ ብልቃጥ ሰጠችኝ። «ቅልቅል ነው፤ እኛው ነን የምናዘጋጀው። ማታ ማታ ተቀቢው» አለችኝ። 1,500 ብር ከፍዬ አመስግኜ ወጣሁ።

በርበሬ ስገዛ አሽትቼ፣ በጣቴ ፈትጌ፣ ከየት እንደመጣ ጠይቄ ነው። ለፊቴ ግን አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኩም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ማድያቴ ሳሳ። ፊቴም በሙሉ ፈካ። አንድ ቅዳሜ ከትንሿ ልጄ ጋር ለሰርጉ ልብስ ልናሰፋ መኪና ግርግር ገባን። ይህ የልብስ ሰፊዎች ጎዳና ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ እንደሆነ የሐረር ሰው ሁሉ ያውቃል። በር ላይ የተቀመጠ የቆየ ደንበኛችን ቀና ብሎ አየኝና «ምነው ቀላሽ! ምን ተገኘ?» አለኝ። ሐረር ላይ አንቱታ ብዙ አይታወቅም፤ ታላቅም ታናሽም «አንቺ» ነው። ሳቅኩ፤ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ወደ ልጄ ዞሮ «አንቺስ በማን ወጥተሽ ነው እንዲህ የጠየምሽው?» አላት። ለዚህም ሳቅኩ።

ይህችን ሁለተኛዋን ሳቅ አስታውሱልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሐኪሟ ያስረዱኝ

ሦስተኛው ወር ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ፀሐይ ስትነካኝ ፊቴ ይለበልበኛል። ጉንጬ ላይ እንደ ክር የቀጠኑ ቀያይ የደም ሥሮች ታዩ። በአሥራዎቹ ዕድሜዬ ያልወጣብኝ ቡግር አገጬን ሞላው። ደንግጬ ቅባቱን ባቆም ባሰ፤ ፊቴ አበጠ፣ ቀላ፣ ሌሊት እያሳከከ እንቅልፍ ነሳኝ። መልሼ ስቀባው ደግሞ ወዲያው ይበርድልኛል። እንዲህ እያደረግሁ ከቅባቱ ጋር ታሰርኩ።

በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። ሐኪሟ ፊቴን በማጉያ አይተው ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ሲቀባ ወዲያው ያቀላል? ሲቆም ይለበልባል?» አዎ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ ካለው ቅልቅል ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይጠፋው ስቴሮይድ ነው፤ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል። እነዚህ ለቆዳ በሽታ፣ ለተወሰነ ቀን፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጡ መድኃኒቶች ናቸው። ፊት ላይ ለወራት ሲቀቡ የደም ሥርን አጥብበውና የቆዳን ቀለም አዳክመው ለጊዜው ያፈካሉ። በኋላ ግን ቆዳን ያሳሳሉ፣ ቡግርና ፀጉር ያበቅላሉ፣ ሲቆሙም ያነድዳሉ።

ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ይህም በሐኪም ክትትል ለማድያት ለጥቂት ወራት የሚታዘዝበት ጊዜ አለ። ያለ ክትትል ለዓመታት የተቀባ ሰው ግን ሊያስለቅቀው የፈለገው ቦታ ላይ ሰማያዊና ጥቁር የሆነ፣ በቀላሉ የማይለቅ ጠባሳ ሊያተርፍ ይችላል። ደቡብ አፍሪካ ይህ ጉዳት በሕዝቧ ላይ በዝቶ ስላየች እ.ኤ.አ. በ1990 ከመዋቢያዎች ውስጥ አግዳዋለች። ጋናም እ.ኤ.አ. በ2016 ተከትላታለች።

ሦስተኛው ሁሉንም ይብሳል፤ ሜርኩሪ ነው። ሜርኩሪ ቆዳ ቀለም እንዳያመርት ያግዳል፤ ወደ ሰውነት ሲገባ ደግሞ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ስሟን ከጃፓኗ የሚናማታ ከተማ የወሰደችውና እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመችው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቆዳ የሚያነጡ የሜርኩሪ ቅባቶች እስከ 2020 ከገበያ እንዲወጡ ወስናለች። ሆኖም እስከ ዛሬ በየአገሩ ድብቅ ገበያ ይሸጣሉ። ሐኪሟ አንድ መለያ ነገሩኝ። የአንድ ቅባት ማብራሪያ «ከወርቅ፣ ከብርና ከጌጣጌጥ ጋር አታነካኩት» የሚል ከሆነ ጠርጥሩት፤ ሜርኩሪ ብረትን ይበላልና።

ቀጥለው የተናገሩት ግን ከወንበሬ አስነሣኝ። «ቤት ውስጥ ልጆች አሉ? ሜርኩሪ ካለበት በእጅሽ፣ በፎጣሽ፣ በትራስሽ ወደ እነርሱ ይሄዳል። አቅፈሽ ስትስሚያቸው ይነካቸዋል። ብልቃጧን አምጪልኝ።»

የጎደለችው ብልቃጥ

ቤት ገብቼ ብልቃጧን ስከፍት ከተውኳት በላይ ጎድላለች። ቅባቱን ካቆምኩ ሁለት ሳምንት አልፎኛል። ላዩ ላይ የትንሽ ጣት ፈለግ አለ።

ትንሿ ልጄ ያኔ 15 ዓመቷ ነበር። ጠርቼ ጠየቅኋት። ዝም አለች። ፊቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳዞረው ጉንጯ ላይ ያች የማውቃት ጭልጭል የምትል ቅላት ጀምራለች። ጮህኩባት። «ማን ፈቀደልሽ? እንዲህ ያለ ነገር ትቀቢያለሽ?» ስላት አንገቷን ደፍታ ቆየችና፦

«እማዬ፣ ሰውዬው ሲስቅብኝ አንቺም እኮ ስቀሽ ነበር» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ትልቋ ቀይ፣ ትንሿ ጠይም ናቸው። በቤታችን ይህን ሳያነሣ የሄደ እንግዳ የለም። ስትወለድም ገና በታቀፍኳት ቀን ዘመዶቻችን የጆሮዋን ጫፍ አይተው «ይች እንኳ ትጠይማለች» ብለው ፈርደዋል። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ የአራስ ልጅ ቀለም በጆሮ ጫፍ ይታወቃል ይባላል። ሁሉም በፍቅርና በሳቅ ነው የሚባለው። ልጅቷ ግን 15 ዓመት ሙሉ እየሰማች ነው ያደገችው። በላዩ ላይ እናቷ ማታ ማታ መስታወት ፊት ተቀምጣ ቀለሟን ስታጥብ አየች። ከዚህ ወዲያ ምን ምክር ይገባታል?

በማግስቱ ሁለታችንም ሐኪሟ ዘንድ ሄድን። ለእኔ ቅባቱን ቀስ በቀስ የምተውበትን መንገድ አዘዙልኝ፤ የእሷ ጊዜው አጭር ስለነበረ ቶሎ ዳነች። ለሁለታችንም የፀሐይ መከላከያ ቅባት ታዘዘ፤ ኃይሉ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ። መጠኑ የሁለት ጣት ርዝመት ለፊትና ለአንገት ነው፤ ውጭ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይደግማል። ማድያትን የሚያብሰው ፀሐይ ስለሆነ፣ ይህ ሳይኖር ሌላው ሕክምና ሁሉ በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው አሉን። ጃንጥላም ገዛሁ።

ልጄን አንድ ነገር ጠየቋት፤ «ቆዳሽ ጠይም የሆነው ለምን ይመስልሻል?» ከዚያ ራሳቸው መለሱላት። ሜላኒን የሚባለው ቀለም የፀሐይን ጉዳት የሚመክት ነው። ልጅቷ ከሐኪም ቤት ስንወጣ ያለችኝ ይህ ነው፤ «ያንቺን ጃንጥላ እኔ ተፈጥሮ ሰጥታኛለች ማለት ነው?» ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለታችንም አብረን የሳቅነው ያኔ ነው።

የቆየውም ይፈተሻል

ከዚህ በኋላ ሁሉንም አዲስ ነገር ጠልቼ «የጥንቱ ይሻላል» ልል ቃጥቶኝ ነበር። ከዚህ የመለሱኝ ጀጎል ውስጥ የሚኖሩ፣ ለብዙ ሙሽሮች ሂና የቀቡ አንዲት የሐረሪ እናት ናቸው። ልጄን ሊቀቡልኝ ቃል ገብተውልኝ ስለነበር ቤታቸው ሄድኩ። ነደባው ላይ ተቀምጠን ከአንዱ ሱቅ የገዛሁትን ጥቁር ሂና ባሳያቸው በሁለት ጣት ይዘው መለሱልኝ።

«ሂና ጥቁር አይሆንም፣ ልጄ። ቅጠሉ የሚሰጠው ቀይ ነው፤ ሲያድር ቡናማ ይሆናል። በአንድ ሰዓት የሚያጠቁር ከሆነ ሌላ ነገር ገብቶበታል» አሉኝ።

ትክክል ናቸው። «ጥቁር ሂና» እየተባለ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም ዱቄት የተጨመረበት ነው። በውስጡ ያለው ፒፒዲ የተባለ ኬሚካል ቆዳ ላይ ሲቀባ የሚያቆስለው ሰው አለ፤ አንዴ ካስቆጣውም ከዚያ በኋላ ፀጉሩን እንኳ ቀለም መቀባት ሊከለክለው ይችላል። 

እኒህ እናት በራሳቸው ዕቃ ላይም አይራሩም። ፊት ለማጠብ ከሶማሌ በኩል የሚመጣውን የቃሲል ቅጠል ዱቄት ይወዳሉ፤ ነገር ግን መጀመሪያ ክንድ ላይ ሳይሞክሩ ለማንም ፊት አይቀቡም። የቆዳ ሐኪሞች የሚመክሩትም ይህንኑ ነው። አዲስ ቅባት ሁሉ በክንድ ውስጠኛ ክፍል በትንሽ ቦታ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ይሞከራል። ካልቀላ፣ ካላሳከከ ወደ ፊት ይሄዳል። የሰርግ ዋዜማ አዲስ ነገር የሚሞከርበት ቀን አይደለም።

ሜካፑም እንዲሁ ሆነ። የምትቀባን ልጅ ከሰርጉ ሦስት ሳምንት አስቀድመን ቀጠርናት። ፋውንዴሽኑን እጄ ላይ ልትሞክር ስትል መንጋጋዬ ላይ እንድትሞክረው ለምኜ ወደ በረንዳ ወጣን። በሳሎን አምፑል ያማረው በቀን ብርሃን አመድ ይመስል ነበር። ሦስተኛው ላይ ቀለሜን አገኘነው። ፊቱ የሌላ፣ አንገቱ የራሱ የሆነ ሰው በሰርግ ፎቶ ላይ ስንት አይተናል! ብሩሾቿ መታጠባቸውንም ጠየቅሁ። ሊፕስቲክ ለሁሉም በአንድ ዘንግ ሲቀባ ምች ይተላለፋል፤ የኩል መኳያና ፎጣ መዋዋስም የዓይን በሽታን ያዛምታል። ትራኮማ በብዛት በሚገኝበት አገር እየኖርን ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ልጅቷም አልተቆጣችም፤ ብሩሾቿን አውጥታ አሳየችኝ።

በሰርጉ ቀን ማድያቴ ከነጥላው ነበር። ከላዩ ቀለል ያለ ሜካፕ ነበረበት፤ ቀረብ ብሎ ያየ ያየዋል። ትንሿ ልጄ በሎሚ ቀለም ቀሚስ፣ ፊቷን ታጥባ ከንፈሯን ብቻ ተቀብታ ጨፈረች። መኪና ግርግር ያገኘነው ደንበኛችንም ተጠርቶ ነበር። «ጠቆርሽሳ?» አለኝ። «ወደ ራሴ ተመለስኩ» አልኩት። ቀጥዬም ልጄን በክንዴ ሳብ አድርጌ «ይች ደግሞ በእኔ ነው የወጣችው» አልኩት።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። የፊቴ ቀያይ ክሮች ሙሉ በሙሉ አልጠፉም። ያቺን ብልቃጥ ሐኪሟ ወስደው አስቀርተዋታል። በአገራችን የመዋቢያ ምርቶችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ቁጥጥሩ ግን ስም፣ የአምራች አድራሻና የአገልግሎት ዘመን የሌለው ብልቃጥ የሚገዛ እንደ እኔ ያለ ሰው እስካለ ድረስ እየዞረ ይታለፋል። አሁን የማላነበውን አልገዛም።

ባለፈው ወር አያት ሆንኩ። ሕፃኗን ልናይ የመጣን ዘመዶች አራሷን ከበን ተቀምጠናል። አንዲት አክስት ከቦርሳቸው ኩል አወጡ፤ ዓይኗ ትልቅ እንዲሆን ሊኳሏት። እጃቸውን ይዤ ለመንኳቸው። ብዙ የባህል ኩል እርሳስ ከሚባለው ብረት ማዕድን የሚሠራ ነው፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃን አእምሮን ይጎዳል። አኩርፈው መለሱት፤ ቡና ሲቀርብ ታረቁኝ።

ወዲያው ሌላዋ ዘመዳችን ጎንበስ ብለው የሕፃኗን ሻሽ ገለጥ ሲያደርጉ አየሁ። ጆሮዋን ሊያዩ ነው። አፌን ከመክፈቴ በፊት ትንሿ ልጄ፣ አሁን 17 ዓመቷ ነው፣ ቀድማኝ ሻሹን መለሰችና ሕፃኗን አቀፈቻት።

«እሷ ትነግረናለች» አለች። ቡናው ቀጠለ።