መጽሐፉ ሰው የሆነበት ቤተ መጻሕፍት

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይባላል። የማናውቀውን ሰው ለመፍራት በቂ ምክንያት አያስፈልገንም፤ አለማወቃችን ብቻውን ይበቃል። የቀረውን ወሬ ይሞላዋል። እስር ቤት የቆየ ሰው «አይለወጥም»፣ ስደተኛው «ሥራችንን ሊቀማ ነው የመጣው»፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት «አደገኛ ነው» ይባላል። እንዲህ ከሚሉት መካከል ግን ከአንዳቸው ጋር ቁጭ ብሎ የተጨዋወተ ስንት ይሆን? በዴንማርክ የተጀመረው «የሰው ቤተ መጻሕፍት» ይህን ጨዋታ ለማስጀመር የተቋቋመ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1993 ኮፐንሃገን ውስጥ ነው። ጓደኛቸው በስለት ተወግቶ ከሞት የተረፈባቸው ወጣቶች ጥቃትን የሚቃወም የወጣቶች ማኅበር መሠረቱ። በ2000 የሮስኪልደ የሙዚቃ ፌስቲቫል አዘጋጆች ይህን ማኅበር በዝግጅቱ ላይ አንድ ነገር እንዲያቀርብ ጋበዙት። ሮኒ አበርገል፣ ወንድሙ ዳኒ፣ አስማ ሙና እና ክሪስቶፈር ኤሪክሰን ሰው የሚያውስ ቤተ መጻሕፍት ይዘው ቀረቡ። ለ4 ቀናት፣ በቀን 8 ሰዓት ክፍት ነበር። ከ50 በላይ «መጻሕፍት» ተዘጋጁ፤ ከ1,000 በላይ አንባቢዎችም ተጠቀሙበት።

አዘጋጆቹ ግን አንባቢ ይጠፋ ይሆን ብለው ሠግተው ነበር። ሥጋታቸውን ያቀለለው መጻሕፍቱ ተራቸውን ሲጠባበቁ ያደረጉት ነገር ነው፤ እርስ በርሳቸው መነባበብ ጀመሩ። ፖሊሱ ግድግዳ ላይ ግራፊቲ ከሚሥለው ወጣት ጋር ወሬ ያዘ። የእግር ኳስ ደጋፊው ከፌሚኒስቷ ጋር፣ ፖለቲከኛው ከወጣቱ አክቲቪስት ጋር ውይይት ገጠሙ።

አሠራሩ ከተራ ቤተ መጻሕፍት የተቀዳ ነው። አንባቢው ካታሎጉን ያያል። በዝርዝሩ ላይ «የቀድሞ እስረኛ»፣ «ስደተኛ»፣ «ቤት አልባ»፣ «ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት» የመሳሰሉ ርእሶች አሉ። ርእሶቹ እንዲህ ደረቅ የሆኑት ሆን ተብሎ ነው፤ ኅብረተሰቡ ለሰውየው የለጠፈበት ስም ራሱ ሽፋኑ ላይ ይወጣል። አንባቢው ከመረጠ በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ደንቡን ያስረዳውና ከመጽሐፉ ጋር ያገናኘዋል። ውሰቱ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። መጽሐፉን ቤት ይዞ መሄድ አይቻልም፤ በሰዓቱ፣ ክብሩ ሳይነካ ይመለሳል። መጽሐፉ በጎ ፈቃደኛ ስለሆነ መመለስ የማይፈልገውን ጥያቄ ማለፍ ይችላል። ንግግር አዘጋጅቶ አያነብም፤ ጨዋታውን የሚመራው የአንባቢው ጥያቄ ነው። በሌላ ቦታ ቢጠየቅ ነውር የሚመስል ጥያቄ እዚህ ይፈቀዳል፤ ሰውየው የመጣው ሊጠየቅ ነውና።

ሐሳቡ የምርምር ድጋፍም አለው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት በ1954 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በተለያዩ ቡድኖች መካከል የሚደረግ ግንኙነት ጥላቻን የሚቀንስባቸውን አራት ሁኔታዎች ዘርዝሯል፤ ተገናኞቹ እኩል ሲሆኑ፣ የጋራ ዓላማ ሲኖራቸው፣ ሲተባበሩና ተቋም ሲደግፋቸው። በ2006 ደግሞ ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ 515 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ግንኙነት በአብዛኛው ጭፍን ጥላቻን እንደሚቀንስ አገኙ። ሁኔታዎቹ ከተሟሉ ውጤቱ ይጠነክራል፤ ባይሟሉም ግን ፈጽሞ አይጠፋም። ሁለት ሰው በአንድ ጠረጴዛ፣ በቤተ መጻሕፍት ጥላ ሥር ሲቀመጥ ቢያንስ እኩልነቱና የተቋሙ ድጋፍ አለ።

ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም። በፈቃዱ ሊያነብ የሚመጣው ቀድሞውንም ልቡ ክፍት የሆነ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ጥላቻው የከረረው ደጃፉንም ላይረግጥ ይችላል። አንድ ስደተኛ ስለ ስደተኛ ሁሉ ሊናገር አይችልም፤ አንባቢው ይህን ከዘነጋ አንዱን ጅምላ ፍርድ በሌላ ተክቶ ይወጣል። በተጨማሪም ስለ ወንጀል ወይም ስለ በሽታ የተነዛን የሐሰት አኃዝ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ አያርመውም፤ እሱን ለማጣራት አሁንም የወረቀቱ መደርደሪያ ያስፈልጋል። ጨዋታው የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ ሰው ያመነበትን ወሬ ባለቤቱን ጠይቆ እንዲፈትን ዕድል ይሰጠዋል።

በ2006 በአውስትራሊያዋ ሊዝሞር ከተማ የመጀመሪያው ቋሚ የሰው ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ዛሬ ዝግጅቱ ከ80 በሚበልጡ አገሮች፣ በቤተ መጻሕፍት፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በመሥሪያ ቤቶች ይካሄዳል። ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጥንቃቄ ነው። በአገራችንም ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ «ቡዳ» እየተባሉ፣ የሥጋ ደዌ ያገኘው እየተሸሸ ኖረዋልና፣ ካታሎጉ ርእስ አያጣም። ይህን ለመጀመር የሚያስብ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ካለ ግን አዳራሽ ከማዘጋጀቱ በፊት መጽሐፍ የሚሆኑትን ሰዎች ያስብ። ማንም ሳይገፋፋቸው በፈቃዳቸው ይምጡ፣ ለሚጠብቃቸው ጥያቄ ይዘጋጁ፣ በፈለጉ ጊዜም ተነሥተው የመሄድ መብታቸው ይጠበቅ።