ስለ ቫልቭ ድምፅ
በቆየ የጭነት መኪና ሞተር ላይ ምንጩን ፈልጎ ስለ ማግኘት

አንድ የቆየ የጭነት መኪና ሞተር ከላይ በኩል «ጠክ ጠክ» ማለት ሲጀምር፣ ባለ መኪናው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምክር ይቀርብለታል። አንዱ «ያረጀ ሞተር ድምፅ አያጣም፤ ዝም ብለህ ንዳ» ይለዋል። ሌላው «ሞተሩ ወርዶ ይከፈት» ይለዋል። የመጀመሪያው ምክር ትንሹን ጉድለት ወደ ትልቅ ጥፋት ሊያደርሰው ይችላል። ሁለተኛውም ያለ ምርመራ ከተፈጸመ፣ በአንዲት መኪና ገቢ የሚተዳደረውን ቤተ ሰብ የብዙ ቀን ሥራና ብዙ ገንዘብ ያሳጣዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሁለቱ መካከል ሌላ መንገድ መኖሩን ማስረዳት ነው፤ ይኸውም ቴስታታው ሳይነሣ፣ በጆሮ፣ በመፍቻና በአንድ ስስ መለኪያ የድምፁን ምንጭ በቅደም ተከተል መፈለግ ነው።

ለምሳሌ የተመረጠው በአነስተኛ የአይሱዙ የጭነት መኪናዎች ላይ የሚገኘው 4ጄቢ1 የተባለው የናፍታ ሞተር ነው። ይህ ሞተር አራት ሲሊንደርና ስምንት ቫልቭ አለው፤ ይዘቱም 2771 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። በሌሎች ሞተሮች ላይ ቁጥሩ ይለያያል፤ የአመረማመሩ መንገድ ግን ያው ነው።

ሀ. የቫልቭ አሠራር

ካምሻፍቱ በብሎኩ ውስጥ ሆኖ በጥርስ አማካይነት ከክራንክሻፍቱ ጋር ይዞራል። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ የሚዞረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሚዞርበትም ጊዜ የካሙ እብጠት ታፔቱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ታፔቱ ገፊውን ዘንግ፣ ዘንጉም የሮከሩን አንድ ጫፍ ይገፋል። ሮከሩ እንደ ሚዛን ስለሚወዛወዝ ሌላው ጫፉ ወርዶ ቫልቩን ይከፍታል። እብጠቱ ሲያልፍ ሞላው ቫልቩን ወደ መቀመጫው ይመልሰዋል።

ቫልቩ በተዘጋ ጊዜ በሮከሩና በቫልቩ ጫፍ መካከል ጥቂት ክፍተት መኖር አለበት። በዚህ ሞተር ላይ ልኩ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ፣ ለማስገቢያውም ለማስወጫውም ቫልቭ 0.40 ሚሊ ሜትር ነው። ለምን እንዳስፈለገ በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ተራ ብረት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከርዝመቱ 12 ሚሊዮንኛ ያህል ይለጠጣል። ስለዚህ 120 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ ሙቀቱ በ300 ዲግሪ ቢጨምር 0.43 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። በሞተር ላይ ቴስታታውና ብሎኩም አብረው ስለሚለጠጡ ልዩነቱ ከዚህ ያንሳል፤ ሆኖም ክፍተት ካልተተወለት የሚረዝመው ብረት መሄጃ አያገኝም።

ለ. ድምፅ የሚያሰማውና ዝም የሚለው ጉድለት

የካሙ እብጠት መነሻው ላይ በዝግታ ከፍ እንዲል ተደርጎ የተቀረጸ ነው፤ ይህም ሮከሩ ቫልቩን በለስላሳ እንዲነካው ነው። ክፍተቱ ከልክ በላይ ሲሰፋ ግን ዝግተኛው ክፍል በከንቱ ያልፍና ሮከሩ በፍጥነት ላይ እያለ ቫልቩን ይመታዋል። ሲዘጋም ቫልቩ በኃይል መቀመጫውን ይመታል። የምንሰማው «ጠክ ጠክ» ይህ ነው።

ክፍተቱ ከልክ በታች ሲጠብ ደግሞ ድምፅ አይሰማም፤ የበለጠውም አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መዘጋት ይሳነዋል። የማስወጫ ቫልቭ ከሚቃጠለው ጋዝ የተቀበለውን ሙቀት አብዛኛውን የሚያስረክበው መቀመጫውን በነካበት ቅጽበት ነው። መንካት ካልቻለ ሙቀቱ በላዩ ላይ ይከማቻል፤ የሚያፈተልከውም ጋዝ ጠርዙን ይበላዋል። የሲሊንደሩ እመቃ ይቀንሳል፣ ሞተሩ ጠዋት አልነሣ ይላል፣ ጉልበቱም ይደክማል። እንግዲህ «ዝም እንዲል ትንሽ አጥብቀው» የሚባለው ልማድ የሚጮኸውን ጉድለት በማይጮህ ጉድለት መለወጥ ነው።

ሐ. የምርመራው ቅደም ተከተል

ምርመራው ወጪ ከማይጠይቀው ተነሥቶ ወደሚጠይቀው መሄድ አለበት።

1. ዘይት። ሮከሮቹ ከዘይት ፖምፓው ርቀው በላይኛው የሞተር ክፍል ስለሚገኙ የዘይት ማነስ ወይም የመተላለፊያ መደፈን ቶሎ ይታወቅባቸዋል። የዘይቱ ልክ፣ ጥራትና ግፊት ሳይታይ ሌላ ነገር መንካት ተገቢ አይደለም።

2. የጭስ ማፈትለክ። በማስወጫው ቧንቧና በቴስታታው መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ሲቀደድ የሚወጣው ጋዝ የቫልቭ ድምፅ የሚመስል ድምፅ ያሰማል። ምልክቱ በመጋጠሚያው ላይ የሚታይ ጥላሸት ነው። ብዙ ጊዜም ብረቱ ሲሞቅና ሲለጠጥ ድምፁ ይቀንሳል።

3. የድምፁ ፍጥነት። ሞተሩ በሚኒሞ በደቂቃ 800 ጊዜ ቢዞር፣ እያንዳንዱ ቫልቭ 400 ጊዜ ይከፈታል፤ ይህም በሴኮንድ 7 ጊዜ ያህል ነው። የአንድ ቫልቭ ድምፅ ይህን ፍጥነት ይከተላል። ዳሩ ግን ይህ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም፤ ምክንያቱም በናፍታ ሞተር ኖዝሉም ነዳጅ የሚረጨው በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ነው።

4. ኖዝሉን መለየት። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የአንዱን ሲሊንደር የነዳጅ ቧንቧ ዳዶ ከኖዝሉ በኩል በመጠኑ ማላላት ያንን ሲሊንደር ከሥራ ያወጣዋል። ድምፁ ከጠፋ ወይም ከተለወጠ፣ መነሻው ከቃጠሎው ወይም የቃጠሎውን ኃይል ከሚሸከሙት ክፍሎች፣ እንደ ቢዬላ ብሮንዚና ካሉት፣ ሊሆን ይችላል። ድምፁ ሳይለወጥ ከቀጠለ ግን ጥርጣሬው ወደ ቫልቮቹ ያመዝናል። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ናፍታ ቆዳን በስቶ ስለሚገባ እጅን ማቅረብ አይገባም፤ የዓይን መከላከያም ያስፈልጋል። ነዳጁ በአንድ የጋራ ቧንቧ በኮምፒዩተር ቁጥጥር በሚታደልባቸው በአዲሶቹ ሞተሮች ላይ ይህን ዘዴ ፈጽሞ መሞከር አይገባም።

5. ቦታውን በጆሮ ማግኘት። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ በሞተሩ ላይ፣ እጀታው በጆሮ አጠገብ ሲሆን ድምፁ የት እንደሚበረታ ይታወቃል። ከሮከሮቹ ክዳን ላይ ከበረታ ነገሩ ከሮከርና ከቫልቭ ነው፤ ከብሎኩ ጎን ከሆነ ከታፔት ወይም ከካም፣ ከፊት ክዳኑ ከሆነ ከጥርሶቹ ነው። ከሚዞረው ማራገቢያና ከቺንጋው ግን ልብስንም እጅንም ማራቅ ያስፈልጋል።

6. ክፍተቱን መለካት። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑ ይነሣል። የ1ኛው ሲሊንደር ፒስተን በእመቃ ጊዜ ጫፍ ላይ እንዲደርስ ሞተሩ በእጅ ይዞራል። የቃጠሎው ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ስለ ሆነ በዚህ ቦታ የ1ኛው ሁለቱም ቫልቮች፣ የ2ኛው ማስገቢያና የ3ኛው ማስወጫ ይለካሉ። ክራንክሻፍቱ አንድ ሙሉ ዙር ከዞረ በኋላ ቀሪዎቹ አራቱ ይለካሉ። መለኪያው ፊለር ጌጅ የሚባለው ስስ የብረት ምላስ ነው።

ልኩ ትክክል ሆኖ ድምፁ ካልጠፋ የሮከሩን ጫፍ መመልከት ያስፈልጋል። ጫፉ ተበልቶ ጎድጉዶ እንደ ሆነ፣ ቀጥ ያለው ምላስ በጉድጓዱ አፍ ላይ እንደ ድልድይ ስለሚጋደም ጥልቀቱን አይለካም። መለኪያው 0.40 ይላል፤ እውነተኛው ክፍተት ግን ከዚያ ይበልጣል። ከዚህ ቀጥሎ ገፊዎቹ ዘንጎች ወጥተው በመስተዋት ላይ እየተንከባለሉ መጣመማቸው ይታያል። ሞላዎቹም እንዳልተሰበሩ ይመረመራሉ። በመጨረሻም እያንዳንዱ ገፊ ዘንግ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ተለክቶ ከሌሎቹ ጋር ይነጻጸራል፤ ከባልንጀሮቹ ያነሰ ከፍ የሚለው ካሙ ወይም ታፔቱ የተበላ ነው። ሞተሩን የመክፈት ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ሲደረስ ነው።

መ. ስለ መዝገብ

ብዙ መካኒኮች የተለወጠውን ክፍተት ወዲያውኑ ያስተካክላሉ፤ አስቀድሞ ስንት እንደ ነበረ ግን አይጽፉም። ይህ ማስረጃን መደምሰስ ነው። የስምንቱ ቫልቮች ልክ ሳይስተካከል በፊት ከኪሎ ሜትሩ ጋር በደብተር ቢጻፍ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ንጽጽር ይገኛል። ከተስተካከለ በኋላ ቶሎ ቶሎ የሚሰፋ ክፍተት የላላ ዳዶን ወይም የሚበላ ካምን ያመለክታል። እየጠበበ የሚሄድ ክፍተት ደግሞ ቫልቩ ወደ መቀመጫው እየሰመጠ መሆኑን ይናገራል። ይህን ሁለተኛውን ጉድለት በጊዜ ሊያሳየን የሚችለው መዝገቡ ነው፤ ጆሮ አይሰማውምና።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መሣሪያ በማንኛውም ጋራዥ የሚገኝ ነው፤ ሥራውም የቀን ሥራ እንጂ የሳምንት አይደለም። ባለ መኪናው ከመካኒኩ ሊጠይቀው የሚገባው ሞተሩ ዝም እንዲልለት ብቻ ሳይሆን፣ ስምንቱ ቁጥሮች ተጽፈው እንዲሰጡት ነው።