የአርባ ምንጭ ሙዝ ጣዕሙን የሚያገኘው የት ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ «የአርባ ምንጭ ነው» ተብሎ የተገዛ ሙዝ ልጣጩ ቢጫ ሆኖ እያማረ፣ ሲበሉት ግን ዱቄት ዱቄት ሲል ብዙ ሰው ያማርራል። ወቀሳው የሚያርፈው ገበሬው ላይ ነው፤ «ሳይደርስ ቆርጦት ነው» ይባላል። በእርግጥ አርባ ምንጭ አጠገብ ባሉት ላንቴ ወይም ጫኖ ሚሌ ሲቆረጥ አረንጓዴ ነበር። ሁልጊዜም የሚቆረጠው አረንጓዴው ነው። የበሰለ ሙዝ በአይሱዙ ተነባብሮ ያን ሁሉ መንገድ ቢጓዝ መርካቶ የሚደርሰው ገንፎ ሆኖ ነው። ፍሬው ሞልቶ፣ ጠርዙ ክብ ብሎ እስከተቆረጠ ድረስ ገበሬው የድርሻውን ተወጥቷል። ማሳው ላይ ሊበላሽ የሚችል ጣዕም የለም፤ ገና አልተፈጠረማ።

የአረንጓዴ ሙዝ ሥጋ አንድ አምስተኛው ያህል ስታርች ነው። ሲበስል ይህ ስታርች ከመቶ አንድ ሁለት እጅ ብቻ እስኪቀር ድረስ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ጣፋጭነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስኳር ብቻውን ግን የሙዝ ጣዕም አይሰጥም። አፍንጫችን «ሙዝ!» የሚለው ፍሬው በመጨረሻዎቹ ቀናት ሉሲን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ተነሥቶ በሚሠራቸው ተናኝ ኬሚካሎች ነው። የእነሱ አውራ አይሶአሚል አሲቴት ይባላል። የሚገርመው ንብ ስትናደፍ ጓደኞቿን ለጥቃት የምትጠራበት ሽታም ዋና ክፍሉ ይኸው ኬሚካል ነው። ቀፎ ያላችሁ የጋሞ አንባቢዎች ማር ልትቆርጡ ስትሄዱ ሙዝ ባትበሉ ይሻላል።

ይኸው ኬሚካል በፋብሪካ ተሠርቶ ከረሜላ ውስጥ ይገባል፤ «የሙዝ ጣዕም» ተብሎ በሚሸጥ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈሳሽ ውስጥም አለ። አገራችን ይህን ሲጋራ ማምረትም፣ ማስገባትም፣ መሸጥም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከልክላለች። በሚሸጥባቸው አገሮች ተጠቃሚዎች ፈሳሹን ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ፣ ክዳኑን ግጥም አድርገው ያስቀምጡታል። ምክንያት አላቸው፤ መዓዛው ይተናል፣ ኒኮቲኑ ኦክስጅን ሲያገኘው ቡናማ ይሆናል። ከዚያ የባሰም አለ። እንደ ቫኒላ ያሉ አንዳንድ ማጣፈጫዎች ጠርሙሱ ውስጥ እንዳሉ ከፈሳሹ ማሟሚያ ከፕሮፒሊን ግላይኮል ጋር ተዋህደው የመተንፈሻ አካልን የሚያስቆጣ ሌላ ኬሚካል እንደሚፈጥሩ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። ሆድን የማይጎዳ ማጣፈጫ ሳንባንም አይጎዳም ማለት አይደለም። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመን ግን በጠርሙሱና በሙዙ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የጠርሙሱ ጣዕም ተሠርቶ ያለቀ ስለሆነ ጥሩ አቀማመጥ መጥፋቱን ከማዘግየት አያልፍም። ሙዝ ከተቆረጠ በኋላም ይተነፍሳል፤ ጣዕሙን የሚሠራው ተቀምጦ ሳለ ነው። አቀማመጡ ከተበላሸ ጣዕሙ ሳይፈጠር ይቀራል።

ሥራውን የሚያስጀምረው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ነው። ሙዝ ራሱ ያመነጨዋል፤ ጥቂቱ ሌላውን ይቀሰቅሳል፣ አንዱ ፍሬ የጎረቤቱን ያበስላል። ጫኖ ላይ በሐሬ ወንዝ ውሃ የለማ ሙዝ አዲስ አበባ ደርሶ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተከምሮ በነጭ ጋዝ ጭስ የሚታጠነውም ለዚሁ ነው። ነጋዴው «ሙቀቱ ነው የሚያበስለው» ሊላችሁ ይችላል። የካሊፎርኒያ የሎሚ ገበሬዎችም እንዲሁ ያምኑ ነበር። የነጭ ጋዝ ምድጃቸውን በንጹሕ ማሞቂያ ሲተኩ ግን ሎሚው ቢጫ አልሆን አላቸው። በ1924 እ.ኤ.አ. ፍራንክ ዴኒ የተባለ ተመራማሪ ቢጫ የሚያደርገው በደንብ ካልተቃጠለ ነጭ ጋዝ የሚወጣው ኤቲሊን መሆኑን አረጋገጠ።

ስለዚህ የእኛ ነጋዴዎች ልማድ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ጉድለቱ ልክ የለሽነቱ ነው። ሙዝ የሚፈልገው ኤቲሊን ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ መቶ ወይም መቶ ሃምሳ እጅ ያህሉን ብቻ ነው፤ ያውም ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን፣ ከ14 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀትና እርጥብ አየር ውስጥ። ጭስ የሞላው ክፍል ይህን አይጠብቅም። ምድጃው ከመጠን በላይ ሲያሞቀው የካቨንዲሽ ዘር ሙዝ ልጣጩ አረንጓዴ እንደሆነ ሥጋው ይላላል። የሚታፈነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ የኤቲሊኑን ሥራ ራሱን ያግዳል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ በሩን ከፍቶ ለሚገባው ሠራተኛ አደጋ ነው፤ ይህ ከጣዕሙም በፊት ሊታሰብበት ይገባ ነበር።

ከሙቀቱ ይልቅ እኔ የምፈራው ብርዱን ነው። ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች ሲቆይ የሕዋሶቹ ሽፋን ይጎዳል፤ ልጣጩ ወደ አመድማ ይደበዝዛል፣ ስታርቹ በደንብ አይለወጥም፣ መዓዛውም ይደክማል። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። ከእሷ ሽቅብ ወደ ጨንቻ ቢወጡ ደጋውን የያዘው የሙዝ ዘመድ የሆነው እንሰት ነው፤ እሱ ብርዱን ይችላል፣ ሙዝ አይችልም። አዲስ አበባ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቷ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ክፍት መጋዘን ውስጥ ያደረ ሙዝ ኋላ ቢጫ ቢሆንም ጣዕሙ የሚደክመው ለዚህ ነው።

ቤታችሁ ውስጥ ልታርሙት የምትችሉት ነገር አለ። ያልበሰለ ሙዝ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡ፤ አራት ዲግሪ ላይ መብሰሉን ያቆማል፣ ካወጣችሁት በኋላም ብዙ ጊዜ አያገግምም። በወረቀት ከረጢት ውስጥ ከአንድ የበሰለ ሙዝ ወይም ፖም ጋር አድርጋችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ያሻግተዋል። በስሎ ያለቀው ግን ፍሪጅ ውስጥ ልጣጩ ቢጠቁርም ሥጋው ለጥቂት ቀናት ይቆያል። ጣዕሙ ከፍ የሚለው ልጣጩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ መታየት ሲጀምር ነው። ፍራፍሬ ቤቱ ያንን «አልፎበታል» ብሎ ዋጋ ከቀነሰላችሁ፣ ሳታመነቱ ግዙት።