ከሰርቨር ብልሽት በኋላ የሕሙማንን መዝገብ ማዳን፦ የጤና ባለሙያው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

መግቢያ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ ዙሪያ የሚገኙ የጤና ተቋማት ከአካባቢው ነዋሪ በተጨማሪ ለንግድ ከየክልሉ የሚመጣውን ሕዝብ ያስተናግዳሉ። መዝገባቸውን ከወረቀት ካርድ ወደ ኮምፒዩተር ባዛወሩ ተቋማት የሕሙማኑ ታሪክ የሚኖረው ሰርቨር በተባለው ማሽን ውስጥ ነው። መብራት ድንገት ጠፍቶ ሲመለስ ይህ ማሽን አልነሳ ቢል፣ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት፣ የቲቢና የደም ግፊት ክትትል ሁሉ ይታወካል። በየወሩ ወደ ዲኤችአይኤስ 2 የሚላከው ሪፖርት ድምር ቁጥር ብቻ በመሆኑ የአንድን ሕመምተኛ ታሪክ መልሶ ሊሰጠን አይችልም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጤና ባለሙያውን የኮምፒዩተር ጠጋኝ ማድረግ አይደለም። ከብልሽቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በችኮላ የሚደረገው ጥገና መሆኑን ማስረዳትና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምን መደረግ እንዳለበት ማመልከት ነው።

ዲስኮቹ እንዴት ይተጋገዛሉ?

ብዙ ሰርቨሮች መረጃን በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ አያስቀምጡም። ሬይድ የተባለው ዘዴ ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ ያሠራል። ዘዴውን በስፋት ያስተዋወቀው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች የነበሩት ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረቡት ጽሑፍ ነው። ሬይድ 1 አንዱን መረጃ በሁለት ዲስክ ላይ ይጽፋል። ሬይድ 5 ቢያንስ ሦስት ዲስኮችን ይጠቀማል፤ ከመረጃው ጋር የማመሳከሪያ ስሌት ያስቀምጣል። ነገሩን በቀላል ምሳሌ ለመረዳት፣ በአንዱ ዲስክ 7፣ በሌላው 5፣ በሦስተኛው ድምራቸው 12 ተጽፏል እንበል። 5 የተጻፈበት ዲስክ ቢጠፋ ከ12 ላይ 7ን በመቀነስ ይገኛል። ሁለት ዲስኮች ከጠፉ ግን ስሌቱ አይሠራም። ሬይድ 6 የሁለት ዲስኮችን መጥፋት ይቋቋማል፤ ሬይድ 0 ግን የአንዱንም አይቋቋምም።

ብልሽቱ እንዴት ይደርሳል?

አንደኛው መንስኤ የመብራት መቋረጥ ነው። መረጃው ተጽፎ ማመሳከሪያው ሳይታደስ መብራት ከጠፋ ሁለቱ አይጣጣሙም። ሁለተኛው መንስኤ ቸልታ ነው። አንድ ዲስክ ከኅብረቱ ከወጣ በኋላ ማሽኑ በቀሩት ዲስኮች መሥራቱን ይቀጥላል፤ የማስጠንቀቂያ መብራቱን የሚያይ ሰው ከሌለ ሁለተኛው ዲስክ ሲወድቅ ሥራው በአንድ ጊዜ ይቆማል። ሦስተኛው መንስኤ መልሶ በመገንባት ወቅት የሚያጋጥመው ነው። አዲስ ዲስክ ሲተካ የቀሩት ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር ይነበባሉ። ብዙ ተራ ዲስኮች ከ100 ትሪሊዮን ቢት ንባብ፣ ማለትም ከ12.5 ቴራባይት ገደማ፣ እስከ አንድ የማይነበብ ስፍራ ሊያጋጥም እንደሚችል በአምራቾቹ ተገልጾላቸዋል። በአንድ ቀን ተገዝተው እኩል ያገለገሉ ዲስኮችም በተቀራረበ ጊዜ ሊደክሙ ይችላሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ምን ይደረግ?

1. ማሽኑን ደጋግሞ ማስነሳት ይቁም። በተነሳ ቁጥር በዲስኮቹ ላይ አዲስ ነገር ሊጽፍ ይችላል። ዲስኮቹን እንደ አዲስ ለማዘጋጀት ፈቃድ ቢጠይቅም አይፈቀድለት።

2. ዲስኮቹ ከመነቀላቸው በፊት የየቀዳዳው ተራ ቁጥርና የየዲስኩ መለያ ቁጥር ይመዝገብ፤ ፎቶግራፍም ይነሳ። ቅደም ተከተሉ ከጠፋ መረጃውን መግጠም እጅግ ያስቸግራል።

3. በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ፣ ባዶ የሚመስለው ስፍራ ሳይቀር፣ ወደ ሌላ ጤነኛ ዲስክ ይገልበጥ። ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው የተባለው ነፃ ፕሮግራም በቅድሚያ በቀላሉ የሚነበበውን ይገለብጣል፤ ወደ ተጎዳው ስፍራ የሚመለሰው በኋላ ነው። ዲስኩ የመንኳኳት ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያውኑ ይጥፋና ልዩ መሣሪያ ላለው ባለሙያ ይሰጥ።

4. ጥገናው በቅጂዎቹ ላይ ብቻ ይከናወን። በሊኑክስ ሬይድ እያንዳንዱ ዲስክ የታደሰበትን ብዛት የሚያመለክት ቁጥር ይይዛል። ቁጥሩ ከሌሎቹ እጅግ ወደ ኋላ የቀረ ዲስክ ቀድሞ የወጣው ነውና ወደ ኅብረቱ አይመለስ።

5. የፋይል ሥርዓት መጠገኛዎች፣ ማለትም በሊኑክስ ኤፍኤስሲኬ፣ በዊንዶውስ ቼክዲስክ፣ የመጨረሻ እርምጃ ይሁኑ። በመጀመሪያም ምንም ሳይቀይሩ ጉድለቱን ብቻ እንዲዘግቡ ይደረግ። የእነዚህ ፕሮግራሞች ተግባር የፋይሎችን አደረጃጀት እርስ በርሱ ማስማማት እንጂ የጠፋን መረጃ መመለስ አይደለም። ዲስኮቹ በተሳሳተ ቅደም ተከተል ተገጥመው ከሆነ ጤነኛውን መረጃ እንደ ስሕተት ቆጥረው ሊያጠፉት ይችላሉ።

6. በዚህ መካከል አገልግሎቱ በወረቀት ይቀጥል። እያንዳንዱ ሕመምተኛ የሚወስደውን መድኃኒትና አለርጂውን እንደገና ይጠየቅ።

የዳነው መዝገብ ይመርመር

ማሽኑ ተነስቶ የሕሙማኑ ስም በመታየቱ ብቻ መዝገቡ ድኗል ማለት አይቻልም። ከሦስት ሳምንት በፊት የወጣ ዲስክ በግድ ተመልሶ ቢገጠም፣ የድሮውና የአዲሱ ጽሑፍ ይደባለቃል። ባለፈው ሳምንት ለፔኒሲሊን አለርጂ እንዳላት የተመዘገበች እናት ዛሬ አለርጂ እንደሌላት ሆና ልትታይ ትችላለች። የጠፋ መዝገብ ሐኪሙን እንዲጠይቅ ያስገድደዋል፤ የተሳሳተ መዝገብ ግን ያዘናጋዋል። ስለሆነም የዳነው መረጃ ከፋርማሲ፣ ከላቦራቶሪና ከቲቢ የወረቀት መዝገቦች ጋር ይመሳከር። ይህን ማመሳከር የሚችለው የኮምፒዩተር ባለሙያው ብቻውን ሳይሆን የጤና ባለሙያው ነው።

ምስጢር መጠበቅ

ዲስክ ለጥገና ከተቋሙ ሲወጣ የሕሙማን ምስጢር አብሮ ይወጣል። የግል መረጃ ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች ይመድበዋል። ስለዚህ ዲስኩን የሚረከበው ሰው በጽሑፍ ይፈርም፤ የሚቻል ከሆነም ሥራው በተቋሙ ውስጥ ይከናወን። የተበላሸ ዲስክም ከቁርጥራጭ ብረት ጋር አይጣል። አሮጌው ሁሉ እንደገና ጥቅም ላይ በሚውልበት በሚናለሽ ተራ አገር ይህ ግልጽ ነው። ፈጣን ፎርማት ብቻ መረጃውን ስለማያጠፋ ዲስኩ ይሰባበር።

መከላከያው

ሬይድ የመጠባበቂያ ቅጂ ምትክ አይደለም። በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 ከመረጃ ማከማቻው አንድ ክፍል ተበላሽቶ ሲተካ ማከማቻው በሙሉ ወደቀ፤ ተሟልቶ ያልተገለበጠው መረጃ በከፊል ሊመለስ አልቻለም። በመሆኑም ሦስት ቅጂዎች፣ በሁለት ዓይነት ማኖሪያ፣ አንዱም ከሕንፃው ውጭ ሊኖሩ ይገባል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰውን ቃጠሎ ያስታወሰ ሰው፣ ቅጂውን ከሰርቨሩ ጎን ማስቀመጥ ለምን እንደማይበቃ አይጠፋውም። ዩፒኤስ መግጠም፣ የዲስኮቹን መብራት በየቀኑ ማየትና ቅጂውን በየጊዜው በሌላ ማሽን ላይ ከፍቶ መፈተንም ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ሰርቨር ሲወድቅ የመጀመሪያው ግዴታ ተጨማሪ ጉዳት አለማድረስ ነው። ይቁም፣ ይመዝገብ፣ ይገለበጥ፤ ከዚያ በኋላ በቅጂው ላይ ይጠገን። የዳነውንም መረጃ በሕመምተኛው ፊት ሳያረጋግጡ መድኃኒት ማዘዝ አይገባም።